ኛ ቤ፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ፦ ወንዝ ዳር ቤት ከመከራየታችን በፊት ምን እንይ?

መንገደኛዋ

ሰላም ለቤቱ። በ2019 መስከረም ላይ ለአንድ ዓመት ሥራ ቬትናም፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ እንገባለን፤ ሁለት አዋቂና አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ነን። መሥሪያ ቤቱ ፉ ሚ ሁንግ የሚባለው አዲሱ ሰፈር ውስጥ ነው። እዚያ ኪራዩ አልቀመስ ስላለ፣ ደላላው ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ኛ ቤ ከሚባለው አካባቢ ሦስት ቤት ልኮልናል። አንደኛው ፉክ ኪየን ውስጥ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ሁለተኛው ከሁዊን ታን ፋት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቅያስ ውስጥ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሦስተኛው በሌ ቫን ሉንግ መንገድ በኩል ጓሮው በቀጥታ ወንዝ የሆነ ሰፊ ግቢ ነው፤ የሚገርመው ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው።

ጎርፍ አለ ይባላል፤ የተላከልን ፎቶና ቪዲዮ ግን ሁሉም ደረቅ ነው። ቤቱ ውኃ ይገባው እንደሆነ በምን ይታወቃል? የወንዝ ዳሩስ ለምን ረከሰ? ወደ ሥራ ለመመላለስ ሞተር ሳይክል ይሻላል ወይስ አውቶቡስ? ደላላው ደግሞ «ኛ ቤ ወረዳ» እያለ ይጽፋል፤ አዲሱ ካርታ ላይ እንዲህ የሚባል ወረዳ አጣሁ። ውሉ ላይ የቱን እናስጽፍ?

ውኃ ልክ

እኅቴ፣ ፎቶው ደረቅ የሆነው ደላላው ስላጭበረበረ ላይሆን ይችላል። ኛ ቤ ላይ ውኃ በቀጠሮ ነው የሚመጣው፤ ቀጠሮውን የምትሰጠው ጨረቃ ናት።

የሳይጎን ወንዝና የዶንግ ናይ ወንዝ ከከተማው በታች ተገናኝተው የኛ ቤ ወንዝ ይሆናሉ። እሱም ጥቂት ሄዶ ሶዋይ ራፕና ሎንግ ታው ተብሎ ለሁለት ይከፈልና ባሕር ይገባል። አገሩ መዳፍ የመሰለ ሜዳ ስለሆነ የባሕሩ ሙላት ወንዙን ይዞ ከተማውን አልፎ ይወጣል። በቀን ሁለት ጊዜ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፣ ሁለት ጊዜ ቁልቁል ይመለሳል፤ ሁለቱ ሙላቶች ግን እኩል አይደሉም። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ሙላቱ ይበረታል፤ የአገሩ ሰው ይህን «ችዬው ኩንግ» ይለዋል። በእነዚያ ቀናት በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3 ሜትር ይጠጋል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጫፉ የሚመጣው ጨረቃ በምትወለድበት ወይም በምትሞላበት ዕለት ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጨረቃ የተወለደችው መስከረም 17 ነበር፤ ፉ አን በሚባለው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ 1.77 ሜትር የተመዘገበው ግን መስከረም 19 (በፈረንጆች ሴፕቴምበር 30፣ 2019) ነው።

ከዓመቱ የሚከፋው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሳው ነፋስ ባሕሩን ወደ ዳርቻው ይገፋዋል፤ የእነሱ ዝናብ ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ኅዳር ስለሚዘልቅ ወንዙም ገና ሙሉ ነው። የእኛ ክረምት ሲወጣ የእነሱ ጎርፍ ይገባል በይው። የምትገቡት ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ለመኖር መጥፎ፣ ቤት ለመምረጥ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ደስ የሚለው፣ በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጨረቃና የእኛ ወር አብረው ይሄዳሉ። ጨረቃ መስከረም 1፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 30 እና ኅዳር 30 ትወለዳለች፤ መስከረም 16፣ ጥቅምት 16፣ ኅዳር 15 እና ታኅሣሥ 15 ትሞላለች። በእያንዳንዱ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ጨምሩ። ደመራ በሚበራበት ምሽት ጨረቃዋ ሙሉ ናት፤ ስለዚህ ከመስቀል ዕለት እስከ 19 ባለው ጊዜ ሂዱና ቤቱን እዩ። ከዚያ የሚበልጠው ሙላት በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል፤ ስለዚህ መስከረም ላይ ለጥቂት የዳነ ቤት ተረፈ አይባልም።

ሰዓቱም ቁም ነገር ነው። በእነዚያ ቀናት ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ እንደገና ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ትንበያው በእነሱ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 17 የሚለውን አይታችሁ ስድስት ቀንሱ። ደላላ ቤት የሚያሳየው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ውኃው መጥቶ ሄዷል።

አለካኩ እንዲህ ነው። የአየር ጠባይ ጣቢያው የፉ አንንና የኛ ቤን ሙላት ለየብቻ ይተነብያል። ፉ አን ላይ 1.40 ሜትር አንደኛ ማስጠንቀቂያ፣ 1.50 ሁለተኛ፣ 1.60 ሦስተኛ ነው። ቁጥሩ የሚለካው ከአገሪቱ የከፍታ መነሻ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ 1.60 ይገባል ማለት አይደለም። በሙላቱ ሰዓት ቤቱ ጋ ቁሙና ውኃው የደረሰበትን ልክ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ከበሩ ከራቀ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ 10 ሜትር ገዝታችሁ ውኃ ሙሉበት። አረፋ ካለበት ይዋሻል፤ ጫፉን ከፍ አድርጋችሁ አረፋውን አስወጡ። አንዱን ጫፍ ምልክቱ ላይ፣ ሌላውን የበሩ ደፍ ላይ ያዙ። ምልክቱ ጋ ያለው ሰው የቱቦው ውኃ ከምልክቱ እኩል እስኪቆም ድረስ ቱቦውን ከፍና ዝቅ ያድርግ፤ ከዚያ በደፉ በኩል ያለው የውኃ ልክ ከደፉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ለኩ። እንበልና ሙላቱ 1.45 በነበረበት ቀን ውኃው ከደፋችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቆመ። 1.77 በሚሆንበት ቀን 32 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ 12 ሳንቲ ሜትር ቤት ውስጥ ይገባል። በጠባብ ቦይ ዳር ውኃው ከዋናው ወንዝ ትንሽ ሊያንስና ሊዘገይ ስለሚችል ግምት ነው፤ ቢሆንም ከደላላ ምላስ ይሻላል።

በቀኑ መገኘት ካልተቻለ ቤቱ ራሱ ይናገራል። የብረት በሩ ታችኛው ክፍል ብቻ ዝጎ ከሆነ፣ ደፉ ላይ በጡብ የተሠራ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ግድብ ካለ፣ ሶኬቶቹ በሙሉ ደረት ድረስ ከፍ ብለው ከተሰቀሉ፣ ማቀዝቀዣው በጡብ ላይ ከቆመ፣ ቀለሙ እስከ ጉልበት ድረስ አዲስ ሆኖ ከዚያ በላይ አሮጌ ከሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። መንገዱ ከቤቱ ወለል ከፍ ማለቱንም እዩ። መንገድ በየጊዜው አፈር እየተሞላ ይነሳል፤ ያልተነሳው ቤት ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤት ደግሞ «ንጋፕ ኾንግ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይጥለቀለቃል ወይ ማለት ነው። በእጃቸው እግራቸው ላይ ልኩን ያሳዩአችኋል።

ውኃ በበር ብቻ እንደማይገባም እወቁ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለው ማፍሰሻ ከመንገዱ ቦይ ጋር፣ ቦዩ ደግሞ ከወንዙ ጋር የተያያዘ ነው። ቦዩ ወንዙን በሚያገኝበት ቦታ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ይደረጋል፤ ፌስታል ወይም እንጨት ከተሰነቀረበት አይዘጋም፣ ወንዙም በዚያው ገብቶ በጓዳ ይወጣል። መፍትሔው ከግቢው በሚወጣው ቱቦ ላይ የእጅ መዝጊያ ማስገባት፣ ለወለል ማፍሰሻዎቹም የጎማ ውታፍ ማዘጋጀት ነው። መዝጊያው በተዘጋባቸው ሁለት ሦስት ሰዓታት ግን ሻወር አይወሰድም፣ ሽንት ቤት አይለቀቅም፤ የራሳችሁ ፍሳሽ መውጫ ስለሌለው ተመልሶ እናንተኑ ያጥለቀልቃል።

አፈር መርማሪ

ከላይ በተባለው ላይ የመሬቱን ነገር ልጨምር፤ የወንዝ ዳሩ ቤት ዋጋም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ኛ ቤ ላይ ከሣሩ በታች ያለው ለስላሳ ጭቃ ነው፤ ብዙ ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንደ እኛ አገር ሁለት ሜትር ቆፍሮ ድንጋይ ላይ መሠረት መጣል የለም። ቀላል ቤት የሚቆመው «ኩ ቻም» በሚባል አጣና ላይ ነው፦ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ወይም 5 ሜትር፣ በአንድ ካሬ ሜትር 25 አጣና ተመትቶ ይገባል። እንጨቱ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ከሆነ ለረጅም ዘመን አይበሰብስም። አናቱ ከውኃው ልክ በላይ ቀርቶ አንዴ እርጥብ አንዴ ደረቅ ከሆነ ግን ከዚያው ከአናቱ ይጀምርና ያልቃል። ከበድ ያለው ቤትና አፓርታማው በኮንክሪት ምሰሶ ጠንካራው አፈር ድረስ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በምሰሶ የቆመው ቤት ባለበት ይቀራል፤ በዙሪያው ያለው ግቢ፣ መንገድና ቦይ ግን በራሱ ክብደትና በተሞላበት አፈር ይሰምጣል። አፓርታማው መግቢያ ላይ ደረጃው ከመሬቱ ተላቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ አትደንግጡ፣ ሕንፃው አልወደቀም። ይልቁንስ ከግድግዳው የሚወጡትን ቱቦዎች እዩ። መሬቱ ሲሰምጥ ቱቦው ግድግዳው ጋ ይሰበራል፣ የፍሳሹም ተዳፋት ይገለበጥና ሽንት ቤቱ ያለ ጎርፍ መዘጋት ይጀምራል።

በቅያስ ቤቱ ደግሞ ኋላ ላይ ተቀጥላ የተሠራውን ኩሽና ፈትሹ። ዋናው ቤት በምሰሶ፣ ኩሽናው በባዶ መሬት ላይ ይሠራና ኩሽናው ወደ ኋላ ይጋደላል። ምልክቱ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ከታች ጠባብ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። ወለሉ ላይ ብይ ልቀቁ። ስንጥቁ ይራመድ ወይስ ቆሟል የሚለውን ለማወቅ በላዩ አንድ ጣት ስፋት ጄሶ ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ በአንድ ወር ውስጥ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና እየሄደ ነው።

ወደ ወንዝ ዳሩ ስንመጣ፣ ሰው የሚፈራው ሙላቱን ነው፤ ዳርቻ የሚናደው ግን በሽሽቱ ነው። ውኃው ከፍ ብሎ ሲቆም ዳርቻውን ደግፎ ይይዘዋል። ቶሎ ሲሸሽ ጭቃው የጠጣው ውኃ ውስጡ ይቀራል፣ ደጋፊው ግን ሄዷል፤ አፈሩ በክብደቱ ይንሸራተታል። ትልቁ ሙላት ባለበት ሰሞን ሽሽቱም ጥልቅ ስለሆነ አደጋው ሁለት ጊዜ ይመጣል። የጀልባ ሞገድ ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ባለቤቱ ግቢውን ለማስፋት የሞላው አፈር ከላይ ይጫነዋል። ስለዚህ በሽሽት ሰዓት ሂዱና ከወንዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ግቢው ውስጥ ካለ፣ ወደ ወንዙ ያዘመመ ዛፍ ወይም ምሰሶ ካለ እዩ። ካለ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ። ዳር ዳሩን የሚበቅለው ከውኃ የሚወጣ ዘንባባ ተቆርጦ በምትኩ ቀጭን የኮንክሪት ግድግዳ ተገትሮ ከሆነም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ የተክሉ ሥር ጭቃውን ይይዛል፣ ግድግዳው ደግሞ ራሱ መያዣ ይፈልጋል።

ርካሽነቱ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከተማው በፈረንጆች 2017 ባወጣው ደንብ ከወንዝ ዳር እንደ ወንዙ ደረጃ ከ10 እስከ 50 ሜትር ድረስ ያለው ቦታ ለወንዙ የተከለለ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ያለ ቤት እንደገና መሥራትና ማስፋት የተገደበ ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ዝቅ ቢል ባለቤቱ እንደልቡ ከፍ ሊያደርገው ላይችል ይችላል። ባለቤቱን «ሮዙን ደብተር» (የይዞታ ማረጋገጫውን እንዲህ ይሉታል) አሳየን በሉት። ቤቱ ካርታው ላይ ከሌለ መልሱ ያ ነው።

የድሮ ካርታ

የወረዳው ጥያቄ ስለተዘለለ፦ ኛ ቤ እስከ ፈረንጆች ጁን 2025 መጨረሻ ድረስ ወረዳ ነበር፤ አንድ ከተማና ስድስት የገጠር ቀበሌዎች ነበሩት፤ ፉ ሱዋን፣ ፉክ ኪየን፣ ፉክ ሎክ፣ ኞን ዱክ፣ ሎንግ ቶይ እና ሂየፕ ፉክ። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ በመላ ቬትናም የወረዳ እርከን ቀርቷል። የኛ ቤ ከተማ ከፉ ሱዋን፣ ከፉክ ኪየንና ከፉክ ሎክ ጋር አንድ ላይ «ኛ ቤ ቀበሌ» ሆነ፤ የደቡቡ ሦስቱ «ሂየፕ ፉክ ቀበሌ» ሆኑ። ፉ ሚ ሁንግ ያለበት፣ «ሰባተኛ ወረዳ» እየተባለ የሚነገራችሁም እንዲሁ የለም፤ እሱም ራሱ በፈረንጆች 1997 ከኛ ቤ ተቆርጦ የወጣ ነው። ሰዉ፣ ደላላውና የታክሲ መተግበሪያው ገና በድሮው ስም ይጠራሉ። ውሉ ላይ አዲሱን ጽፋችሁ «የቀድሞው» ብላችሁ አሮጌውን በቅንፍ ጨምሩ፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው አሮጌው ስለሆነ ሁለቱ እንዲገጥሙ።

ስሙ ደግሞ «የተንሳፋፊ ቤት» ማለት ነው። በአፈ ታሪክ ቱ ሁዎንግ የሚባል ሀብታም ወንዞቹ በሚገናኙበት ቦታ እንጨት አሳስሮ ቤት አሠራበት፣ ሩዝና ማብሰያ አኖረበት ይባላል። ወደ ሳይጎን ወይም ወደ ዶንግ ናይ የሚሄድ ጀልባ ወንዙ ወደሚፈልገው አቅጣጫ እስኪዞር ድረስ ቆሞ መጠበቅ ነበረበትና። ውኃ ልክ የጻፈው ቀጠሮ ያኔም ነበር ማለት ነው።

ባለ ሁለት ጎማ

ስለ መንገዱ። ከፉክ ኪየን እስከ ፉ ሚ ሁንግ ቅርብ ነው፤ ሞተር ሳይክል ይበቃል። ንጉየን ሁ ቶ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከሂየፕ ፉክ ወደብና ኢንዱስትሪ ዞን የሚመጣው ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው። በቀኝ ጠርዝ ባለው የሞተር መስመር ሂዱ፤ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ተሳቢ ጎን ፈጽሞ አትቁሙ፤ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ሾፌሩም አያያችሁም። ሁዊን ታን ፋት ጠባብ ነው፣ በሙላት ቀንም ውኃ ይይዛል። ሌ ቫን ሉንግ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ብዙ ቦታው ዝቅ ያለ፣ የቆዩ ጠባብ የብረት ድልድዮች የነበሩበት መንገድ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ሎንግ ኪየንግ፣ በ2018 መጀመሪያ ከጭነት መኪና ጋር ወደቀ፤ አዲሱ የተከፈተው በ2023 ነው (ሁሉም በፈረንጆች)።

አውቶቡስ ከፈለጋችሁ 20 ቁጥር ከቤን ታን ገበያ ተነስቶ በሁዊን ታን ፋት አድርጎ ወደ ኛ ቤ ይመጣል። ለቅያሱ ቤት ይመቻል፣ ለፉክ ኪየኑ አይመችም። ወደታች ዝቅ ብላችሁ በቢን ካን ጀልባ ብትሻገሩ 90 ቁጥር ካን ዞ የማንግሮቭ ደን ውስጥ ያደርሳችኋል፤ ለእሑድ ጥሩ ነው።

ውኃ ውስጥ ስለ መንዳት፦ ልኩ የጎማው እምብርት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አትግቡ፣ ገፍታችሁ ሂዱ ወይም አንድ ሰዓት ጠብቁ፤ ሙላት ነውና ይሄዳል። ማርሽ ያለው ሞተር ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳትለቁና ሳትጨምሩ፤ ከለቀቃችሁ ውኃው በማርሚታው ይገባል። ማርሽ የሌለው ስኩተር ቺንጋው ያለበት ሳጥን መተንፈሻ ስላለው ውኃ ይስባል፤ ቺንጋው ይንሸራተትና ሞተሩ እየጮኸ አይሄድም። ከጎን ከሚያልፍ መኪና ራቁ፤ የሚያነሳው ሞገድ ፊልትሮው ድረስ ይደርሳል።

ከጠፋ ደግማችሁ አታስነሱ። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካለ አይታመቅም፣ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። ወደ ደረቅ አውጡት፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ማቀጣጠያውን ዘግታችሁ በእግር ማስነሻው አሥር ጊዜ ያህል ግፉ፣ ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ፊልትሮውን አውጥታችሁ አድርቁ፤ የወረቀት ከሆነ ቀይሩት። የሞተር ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ አንድ ጊዜ ቀይሮ ጥቂት አስነስቶ እንደገና መቀየር ነው። ማታ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ በተለይ በበጋው ወንዙ ጨው ስላለበት ፍሬኑንና ሰንሰለቱን ይበላል። ከ50 ሲሲ በላይ የሆነውን ያለ መንጃ ፈቃድ አትንዱ፤ አደጋ ቢደርስ መድን አይከፍልም።

መንገደኛዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለደላላው የሙላቱን ነገር ሳነሳበት «መንግሥት ትልልቅ የወንዝ በሮች ሠርቷል፣ ከእንግዲህ ጎርፍ የለም» አለኝ። እውነት ነው?

ውኃ ልክ

በሮቹ እውነት ናቸው። ሥራው የተጀመረው በፈረንጆች 2016 ነው፤ ወደ 10 ሺህ ቢሊዮን ዶንግ ተመድቦለት ስድስት ትልልቅ በሮች ያሉት ነው፦ ቤን ንጌ፣ ታን ቱዋን፣ ፉ ሱዋን፣ ሙንግ ቹዎይ፣ ካይ ኮ እና ፉ ዲን። በፈረንጆች 2018 ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ደጋግሞ ቆሟል።

ይሁን እንጂ «ጎርፍ የለም» የሚለው አይከተልም። አንደኛ፣ በር የሚጠብቀው ከውስጥ ያለውን ነው። ቤታችሁ በበሩና በዋናው ወንዝ መካከል ከሆነ በሩ ሲዘጋ እናንተ ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው። የቅያሱን ቤት ካርታ ላይ አውጡና ከእናንተ ጀምሮ እስከ ኛ ቤ ወንዝ ድረስ ባለው ቦይ ላይ በር መኖሩን ተከተሉ። ሁለተኛ፣ በር የወንዙን ውኃ ነው የሚከለክለው፣ የሰማዩን አይደለም። ሙላት ኖሮ በሩ በተዘጋበት ሰዓት ከባድ ዝናብ ከጣለ ውኃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሚያወጣው ፓምፕ ብቻ ነው። ሦስተኛውን አፈር መርማሪ ብሎታል፤ መሬቱ እየሰመጠ ነው፣ በሩ ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ቤት ስትመርጡ በሩ እንደሌለ አድርጋችሁ ለኩ። ካለ ምርቃት ነው።

ጓዳ

የጓዳውን ልጨምር፤ ሕፃን ስላለሽ ይበልጥ ያንቺ ጉዳይ ነው።

የቧንቧ ውኃ አለ፣ ነገር ግን ብዙ ቤት ከወለል በታች ጋን አለው፤ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል። የጋኑ ክዳን ከወለሉ እኩል ከሆነ የመጀመሪያው ጎርፍ ፍሳሹን ይዞ ይገባበታል። ክዳኑ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ በጎማ የሚጠብቅ መሆኑን እዪ። አንዴ ከገባበት ባዶ ማድረግ፣ መፈግፈግ፣ በበረኪና አጥቦ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው፤ ሮቶውንም ጭምር። የጉድጓድ ውኃ አለ ቢሉሽ አትጓጊ፤ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ጨዋማ ነው፣ መሬቱም አሲድ አለው።

ኤሌክትሪኩ የምድር ቤቱና የፎቁ ለየብቻ የሚጠፋ መሆን አለበት፤ ውኃ ሲመጣ የታችኛውን ዘግተሽ ላይ መኖር እንድትችዪ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር መኖሩን መሞከሪያ ቁልፉን ተጭነሽ አረጋግጪ፤ ካልቆረጠ ባለቤቱ ይቀይር። ውኃ ውስጥ ቆሞ ብሬከር አይነካም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ደረቅ ቦታ ላይ መድረስ የሚቻልበት ይሁን።

ትንኝ፦ ድሬዳዋን ያስቸገራት ደንጊ እዚያም አለ፣ በዝናቡ ወቅት ይብሳል። የምታመጣው ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ የምትፈለፈለውም በረግረጉ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ነው፤ በአበባ ማስቀመጫ፣ በተጣለ ጎማ፣ በአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ ሥር ባለ ባልዲ። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉንም ድፊ። ልጁ ቀን ሲተኛም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ትኩሳት ከያዘው ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አትስጪ፤ መድማትን ያብሳሉ። ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ሽታ የሚባልም አለ። ከምዕራብ በኩል ዳ ፉክ ትልቁ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነው፤ በዝናቡ ወቅት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሽታውን ማታ ማታ ፉክ ኪየንና ፉ ሚ ሁንግ ድረስ ያመጣዋል። ሰባተኛ ፎቅ ከዚህ አያድንም። አፓርታማውን በምሽት እዪው፣ ከቻልሽ መስኮቶቹ ወደ ምሥራቅ የሚከፈቱትን ምረጪ።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ። ወለሉ ላይ ውኃ ከገባ በስንት ቀን ውስጥ ማን እንደሚያጸዳና እንደሚጠግን፤ ምድር ቤቱ መኖሪያ መሆን ካልቻለ ያለ ቅጣት ውል ማቋረጥና መያዣውን መቀበል እንደሚቻል፤ ስትገቡ የነበረው የግድግዳ ስንጥቅና የውኃ ምልክት በፎቶ ከውሉ ጋር መያያዙን። ሦስተኛው ካልተደረገ ስትወጡ የጨረቃን ዕዳ ከእናንተ መያዣ ይቆርጡታል። የገባችሁ ዕለት ደግሞ ባለቤቱ በ12 ሰዓት ውስጥ ለቀበሌው ፖሊስ ያስመዝግባችሁ፤ ግዴታው የእሱ ነው። አላስመዘግብም የሚል ባለቤት ብዙውን ጊዜ የቤቱ ወረቀት የማይገጥም ሰው ነው፤ ያኔ ወደ ሮዙ ደብተር ተመለሱ።